ባላው ውስጥ የተቀበረ ቅርፊት

ሚኔሶታ ውስጥ ዛፍ ከሚንከባከብ ድርጅት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመቴ ነው። በየካቲት ብርድ፣ በረዶ እየረገጥን፣ መንገድ ዳር የተተከሉ ወጣት የኤልም ዛፎችን እንገርዛለን። ኤልም የሚገረዘው በብርዱ ነው። ሙቀት ሲመጣ የኤልም በሽታን ፈንገስ ተሸክሞ የሚዞረው ጥንዚዛ ይወጣል፤ የትኩስ ቁስል ሽታም ይስበዋል።

ዛፎቹ አኮሌድ የሚባሉት ናቸው። ሺካጎ አጠገብ ያለው ሞርተን አርቦሬተም የተባለ የዛፍ ማጥኛ ስፍራ ያወጣው ዲቃላ ነው፤ ወላጆቹ ሁለት የእስያ ኤልሞች። ብርድ ይችላል፣ በሽታውንም ይቋቋማል። ያ በሽታ በፈረንጆቹ 1930 ኦሃዮ ውስጥ ከታየ ወዲህ የአሜሪካ ከተሞችን ጥላ፣ የአገሬውን ኤልም፣ ረፍርፎታል። አኮሌድን የምወደው ለዚህ ነው።

ጋሼ የምላቸው አለቃዬ አንዱን ዛፍ አሳዩኝ። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ባላ ሠርቷል። እኩል የወፈሩ ሁለት ግንዶች ጎን ለጎን ሽቅብ ወጥተዋል። «አንዱን አሳጥረው» ብለውኝ ሄዱ። አየሁት፤ ሁለቱም ያምራሉ። እኔ ያደግኩት ቢቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ እያየሁ ነው። በሽታ የማይበግረውን ዛፍ ለምን አቆስለዋለሁ ብዬ ጭራሮውን ብቻ ለቅሜ አለፍኩ። ጨርሻለሁም አልኳቸው።

ሐምሌ ላይ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ አደረ። ጠዋት ተደወለልን። ያ ዛፍ ከባላው እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል፤ ግማሹ መንገዱ ላይ ተዘርሯል። ቅጠሉ ገና ቅቤ እንደተቀባ ያብለጨልጫል። ከተተከለ ጀምሮ ውሃ ያጠጡት አሮጊት በነጠላ ጫማ ወጥተው ቆመዋል።

ጋሼ አልተቆጡም። «ና፣ ዳስሰው» አሉኝ። የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ነጭ እንጨት የሚታየው ከታች ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጥቁር፣ የተሸበሸበ ቅርፊት ነው። ሁለቱ ግንዶች እየወፈሩ ሲገፋፉ ቅርፊታቸውን መሃል ላይ ቀብረውታል። እዚያ ጋ እንጨት ከእንጨት ተያይዞ አያውቅም።

«የተዳቀለው ለበሽታ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ለንፋስ የምናዘጋጀው እኛ ነን። ይሄ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ባላውን በልጅነቱ ካላረምክለት በኋላ አይሆንም።»

አሮጊቷን ሄጄ ያነጋገርኳቸው እኔ ነኝ። የካቲት ላይ ቁረጥ የተባልኩትን ሳልቆርጥ ቀረሁ፣ ይቅርታ አልኳቸው። ግንዱን ደበስ ደበስ አደረጉና፣ የሚተካው መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ።

መስከረም ላይ ያንኑ ዝርያ ተከልንላቸው። መሬት ከማስነካቴ በፊት ችግኙን ዙሪያውን አየሁት፤ ባላውንም በጣቴ ዳሰስኩት።