ራቭ ፎር ወይስ ቪታራ? ዳገትና ዋልካ ላይ ነድቼ የመረጥኩት

ጎንደር ውስጥ መኪና ልትገዛ መሆኑ ከተሰማ መካሪ አይጠፋም። ምክሩም አንድ ነው፦ "ቶዮታ ግዛ፣ ስትሸጠው አትከስርም።" እውነት አላቸው። እኔ ግን የምገዛው ልነዳው እንጂ ልሸጠው አልነበረም።

ዓይኔ ያረፈው ሁለት መኪኖች ላይ ነው። አንዷ ባለ 2400 ሲሲ ቶዮታ ራቭ ፎር፣ በፈረንጆች የ2007 ሞዴል። ሌላዋ ባለ 2000 ሲሲ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ፣ የ2008። ሁለቱም አውቶማቲክ ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለን ምርጫ አገር ውስጥ ያገለገለ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ይዤ አማቶቼ ወዳሉበት ደምቢያ ገጠር ለመግባት ደግሞ ልቤ አልቆረጠም።

ደላላ ለሙከራ የሚወስድህ ወደ አዘዞ ነው። አስፋልት ነው፣ መንገዱም ቁልቁል ያግዝሃል። እዚያ ላይ ባጃጅም እንደ ማርቼዲስ ይሄዳል። እኔ ሁለቱንም ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል በሚያወጣው ዳገት ልሞክር አልኩ። ባዶዋን አይደለም። ባለቤቴ፣ አማቴና ልጆቹ ተጭነው፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ።

ከዳገቱ በፊት ግን ኮፈኑ አለ። የራቭ ፎሯ ባለቤት መጀመሪያ ስሄድ ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ ጠበቀኝ። አመስግኜ ተመለስኩ። በሌላ ቀን ጠዋት ሳልደውል ሄጄ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። በረዶ ነው። እንዲህ ነው የምፈልገው። በዚያ ዘመን የወጣው ባለ 2400 ሞተር ዘይት በመብላት ስሙ ይነሳል፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ነገር አለ ማለት ነው። ይዣቸው የሄድኩት መካኒክ ከኋላ ቆመው አዩ። "ንጹህ ናት" አሉኝ። የቪታራዋም ድምፅ ደህና ነበር።

ወደ ዳገቱ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ወደ አንድ በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ወረቀት ላይ 140 የፈረስ ጉልበት ያላት ቪታራ እዚህ 110 አካባቢ ትሆናለች። ራቭ ፎሯ ከ160 በላይ ስለሆነች ተቀንሶባትም 130 ገደማ ይተርፋታል። ልዩነቱን እግርህ ያውቀዋል። ራቭ ፎሯ ወሬ ሳታቋርጥ ወጣች። ቪታራዋ ማርሽ ቀንሳ እያጓራች ወጣች። አማቴ "ምነው ትጮሃለች?" አሉ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ፤ የራቭ ፎሯ የኋላ ወንበር ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ መደገፊያውም ይለጠጣል።

ፈተናው ግን ከቆላ ድባ ወዲያ፣ ወደ አማቶቼ ቀበሌ በሚገባው መንገድ ላይ ነበር። ክረምቱ ገና አልወጣም። ሻጮቹ "አብረን ካልሄድን አይሆንም" አሉ፣ ይሂዱ። ደምቢያን የሚያውቅ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ጭቃ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጎማ ላይ ይለጠፍና ጥርሱን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ጎማህ ልሙጥ ነው። ራቭ ፎሯ በተለመደው ጊዜ የምትሄደው በፊት ጎማ ነው፤ የኋላው የሚያግዘው የፊቱ ሲንሸራተት ነው። የፊቱንና የኋላውን ጎማ አብሮ የሚያሠራ መቆለፊያ ቁልፍ አላት፣ ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስታልፍ ይለቃል። ማርሽ የሚያከብድ ነገር የላትም። ጭቃው ውስጥ ነዳጅ ስትሰጣት ትሽከረከራለች፣ ስትተዋት ትቆማለች። ገፍተን አወጣናት።

ቪታራዋ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የምትሄደው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ክብ ማዞሪያ ወደ ከባዱ ማርሽ አዞርኩት። ዳገት ላይ ያጓራችው መኪና እዚህ ዝም አለች። እግሬን ነዳጁ ላይ በቅጡ ሳላሳርፍ እየዳኸች ወጣች። እርግጥ ትራክተር አይደለችም፤ የባሰው ጉድጓድ ላይ ዞረን አለፍን።

አንድ ነገር ግን በሁለቱም አስቆኛል። ስኮርታው የኋላ በር ላይ ነው፣ በሩ ደግሞ ወደ ቀኝ ነው የሚከፈተው። በግራ ለሚነዱት ለጃፓኖች ይመቻል። እኛ በቀኝ ቆመን ስንከፍተው በሩ በእኛና በእግረኛ መንገዱ መካከል ይገተራል። ጤፍ ጭነህ ስታወርድ ይገባሃል። በሩን ከፍተህ ከፍ ዝቅ አድርገው፤ የስኮርታው ክብደት ማጠፊያውን አልግቶት ከሆነ ያንቀጫቅጫል።

መካኒኩን "ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛዋን ይገዙ ነበር?" አልኳቸው። "ከተማ ብቻ ከሆንክ ራቭ ፎሯን። አማቶችህን የምትወድ ከሆነ ቪታራዋን" ብለው ሳቁ።

ቪታራዋን ገዛሁ። ቤንዚን ትወዳለች፣ ወረፋው ባለበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋዋ ግን ከራቭ ፎሯ በደንብ ዝቅ ያለ ነበር። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ፣ እዳና እገዳ እንደሌለባት አጣራሁ፣ ከፈልኩ። በተረፈኝ ብር ጥርሱ ሰፋ ያለ አራት አዲስ ጎማ አስገባሁላት።