ከአሮጌ ጥበብ ቀሚሶች የክርስትና ብርድ ልብስ እንዴት እንደሰፋሁ

የወንድሜ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ፣ ከቤተሰቡ ያረጁ የበዓል ልብሶች የተሰፋ ብርድ ልብስ ልሰጣት ወሰንኩ። ጨርቁን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ብብታቸው የወየበ፣ ክርናቸው የሳሳ፣ ለበዓል የማይለበሱ፣ ለመጣል ግን የማንም እጅ የማይታዘዝላቸው የሀበሻ ቀሚሶች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሸማው ቢነትብም ጥበቡ ደህና ነው። ጥበብ ተጨማሪ ክር እየገባበት የሚሸመን ወፍራም ክፍል በመሆኑ፣ ከቀሚሱ ገላ ይልቅ ዕድሜ አለው።

እናቴ ግን ሐሳቡን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «ለክርስትናዋ ድሪቶ ልታለብሺያት ነው?» አለችኝ። ለምን እንዳለችው ገብቶኛል። በእሷ ልጅነት የተጣጣፈ ልብስ የሚለብሰው ሌላ ያጣ ሰው ነበር፤ እኛንም ያልተጣፈ ልታለብሰን ስትል ብዙ ደክማለች። መከራከሩን ትቼ የጂስ ቤንድ ሴቶችን ሥራ በስልኬ አሳየኋት። ጂስ ቤንድ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ወንዝ በሦስት ጎን የከበባት የጥቁሮች መንደር ናት። ሴቶቿ ከነተበ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ለትውልዶች ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አተመበት። እናቴ ከሁሉም በላይ ዓይኗ ያረፈው ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት ባሏ ሲሞትባት፣ በ1942 ከሥራ ልብሶቹ በሰፋችው ላይ ነበር። ፎቶውን አስፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ቁም ሣጥኗን ከፈተችልኝ።

ምን ይቆረጥ፣ ምን ይቅር የሚለው ከስፌቱ ሁሉ የከበደው ነገር ነው። ሊለበስ የሚችል ልብስ ላይ መቀስ እንዳላሳርፍ አስቀድሜ ወሰንኩ። የአክስቴ የመልስ ቀሚስ በጣም ቢያምረኝም ገና ስለሚለበስ ተውኩት። የሟች አያቴን ነጠላ ከመንካቴ በፊት እናቴና ወንድሞቿ ሁሉ እሺ ማለት ነበረባቸው። አንዱ አጎቴ ነጠላው እንዳለ እንዲቀመጥ ፈልጎ ነበር፤ ከጥለቱ በኩል ጥቂት ብቻ ቆርጬ የቀረውን ዘምዝሜ እንደምመልስለት ስነግረው ተስማማ። ይህን ዓይነት ሥራ የምትጀምሩ ሁሉ እባካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተቆረጠ ሸማ ተመልሶ አይሸመንም፤ የቅርብ ዘመድ ቅሬታም በቀላሉ አይሽርም።

ከመቁረጤ በፊት ጥቂት ብጣሾች ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከሱቆቹ ጀርባ ከሚሠሩት ሸማኔዎች አንዱ፣ ከጨንቻ አካባቢ የመጡ አዛውንት፣ እግራቸውን ከጉድጓዱ ሳያወጡ ብጣሹን ተቀበሉኝ። ከጠርዙ ብቅ ያለችውን ቀይ ክር በጥፍራቸው ይዘው ሳብ ሲያደርጓት ያለ ምንም ትግል ተመዝዛ ወጣች፤ ከንድፉም አንድ ረድፍ አብሯት ጠፋ። «ልጄ፣ ጥበቡን የምንጨምረው በማጉ በኩል ነው» አሉኝ። «ዳሩን ሳታስሪ ከቆረጥሽው ምን ይይዘዋል?»

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ በዚህች ንግግር ላይ የተመሠረተ ነው። በኢንተርኔት የሚገኙት የብርድ ልብስ አሰፋፍ ትምህርቶች በሙሉ ማለት ይቻላል በፋብሪካ ጠበቅ ተደርጎ ለተሸመነ ጨርቅ የተዘጋጁ ናቸው። ከስፌቱ ውጪ 6 ሚሊ ሜትር ጨርቅ ቢተርፍ ይበቃል ይላሉ። ለሸማ አይበቃም። የእጅ ሽመና ልል ነው፤ ስፌቱ ጠርዝ ላይ ከሆነ ጨርቁ ጥቂት ሲወጠር ድሩ እየተንሸራተተ ይወጣል። እኔ በየጎኑ 12 ሚሊ ሜትር ተውኩ፤ የስፌቱንም ርዝመት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ አደረግኩ። የመኪናው መርፌ ቁጥር 12 ነበር፤ ወፍራም መርፌ ስስ ሸማ ላይ ቀዳዳ ጥሎ ያልፋል።

የጨርቁ ዝግጅት ከስፌቱ የበለጠ ጊዜ ወስዷል፤ ይገባዋልም። መጀመሪያ ቀለም መልቀቁን ፈተንኩ። የጥበቡን ጫፍ በውኃ አርሼ፣ በሁለት ነጭ ጨርቆች መሀል አድርጌ በካውያ ተጫንኩት። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ያለባቸው ሁለት ጥበቦች ነጩን ጨርቅ አቀለሙት። እነዚህን ደጋግሜ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኳቸው፤ አንደኛው እምቢ ስላለ ለሌላ ሥራ አስቀመጥኩት። የቀረውን ሁሉ አጥቤ ጥላ ላይ አሰጣሁ፤ የሚያጥረው ጨርቅ ከስፌቱ በፊት ይጠር።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጥበብ ጀርባ በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ገበር አደረግኩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወርቅና የብር መልክ ያለው አብረቅራቂ ክር አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ካውያ በቀጥታ ሲያርፍበት ይኮማተራል። ጥበቡን በፊቱ አስተኝቼ፣ ከላይ እርጥብ ነጠላ ጣል አድርጌ፣ ካውያውን ሳልገፋ እያነሣሁ ተጫንኩት። ገበሩ ከያዘ በኋላ ካሬውን በእርሳስ አሰመርኩ፤ በመስመሩ ውስጠኛ ዳር ዙሪያውን በዚግዛግ ሰፋሁ፤ በመጨረሻ ቆረጥኩ። ሸማኔው ያሳዩኝን ክር ያስቆመው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

አሁን ስለ መስቀሉ። በቀሚስ ፊት ላይ ከደረት እስከ እግር በሚወርደው ጥበብ ላይ ብዙውን ጊዜ መስቀል አለ። ካሬ እየለካ የሚቆርጥ ሰው መስቀሉን ለሁለት ሊከፍለው ይችላል። እናቴ ይህን በፍጹም አልተቀበለችም፤ እኔም አልቀበለውም። ስለዚህ ልኬቱን ከመስቀሉ ጀመርኩ፤ እሱ መሀል ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ወደ ጎን አሰመርኩ። መስቀል ያለባቸውን ካሬዎች ሁሉ በላይኛው ረድፍ፣ በራስጌ በኩል አደረግኳቸው። ብርድ ልብሱ ሲነጠፍ የሰው እግር ሊያርፍበት በሚችለው በኩል የአበባና የመስመር ጥበብ ብቻ አለ። የራስጌውና የግርጌው ቦታ ስለሚለይ ማንም ሰው ሲያነሣው አቅጣጫውን ያውቃል።

ልኬቱ ይህን ይመስል ነበር፦ የተሰፋው ካሬ በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሲቆረጥ 22.4። አራት በአራት፣ በጠቅላላው 16 ካሬ። ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ነጭ ዳር ጨምሬበት 90 በ90 ሆነ። ከ16ቱ ጥበብ ያለባቸው 8 ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ያልተጌጠ የነጠላ ጨርቅ፣ ያውም ስስ ስለሆነ በድርቡ። ሁሉንም ጥበብ ማድረግ ያጓጓል። ደርድሬ ሳየው ግን ዓይን የሚያርፍበት አጣ፤ ብርድ ልብሱም ከባድ ይሆናል። ጥበብ የሚያምረው ከነጭ አጠገብ ነው፤ የሀበሻ ቀሚስ ራሱ የሚያስተምረው ይህንን ነው።

መሀል የሚገባውን ጥጥ ከመግዛት የአባቴን አሮጌ ጋቢ ተጠቀምኩ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ስፌቱን ተርትሬ ሁለቱን ብቻ ወሰድኩ። ለአዲስ አበባ ብርድ ይበቃል፤ ለሕፃንም አይከብድም። ጀርባው አቡጀዲ ነው። አዲስ አቡጀዲ አሚዶ ስላለበትና ስለሚያጥር በሙቅ ውኃ አጥቤ ተኮስኩት። ሦስቱን ከማያያዜ በፊት አቡጀዲው ላይ የካሬዎቹን ቦታ የሚያሳይ ትንሽ ንድፍ በአረንጓዴ ክር ጠለፍኩ፤ የትኛው ከማን ቀሚስ፣ ለየትኛው በዓል ይለበስ እንደነበር ጻፍኩበት። ለዚህ ጽሑፍ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስትነግረኝ፣ አንደኛው ጥበብ እኔ ራሴ ክርስትና በተነሣሁበት ቀን የለበሰችው እንደሆነ ሰማሁ። ሳልጠይቃት ብቆርጠው ኖሮ ታሪኩ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ሦስቱን ድርብ በመኪና ላይ ታች ወርውሬ አልሰፋሁትም። ከጥበቡ ላይ ተንሳፍፈው የሚያልፉ ክሮች በመኪናው እግር ይያዛሉ፤ ብርድ ልብሱም ይደርቃል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በእጅ መርፌ በጠንካራ የጥጥ ክር ወግቼ ሁለቴ ቋጠርኩ። ሕፃን ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ስለምትወስድ የቋጠሮዎቹን ጫፍ በመርፌ እየሳብኩ ወደ ውስጥ ቀበርኳቸው። ጠርዙን ደግሞ ከጀርባው 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ የተውኩትን አቡጀዲ ወደ ፊት አጥፌ ዘመዘምኩት።

እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከመሶብ ልብስ ቢጀምር እመክራለሁ። እኔም በእንቁጣጣሽ ሰሞን የጀመርኩት በእሱ ነው። ጨርቁ ጥቂት ነው፣ መሀሉ ጥጥ አይፈልግም፣ ሸማ በመኪና ሥር እንዴት እንደሚሄድ እጅ ይለምዳል።

በክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናትየው ልጇን ይዛ ስትቀመጥ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አደረግንላት። አክስቶቼ ጀርባውን እየገለበጡ የየራሳቸውን ቀሚስ ሲፈልጉ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ቆዩ። ለወንድሜና ለባለቤቱ ግን አንድ ነገር በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሕፃኗ አንድ ዓመት እስኪሞላት ብቻዋን ስትተኛ እንዳያለብሷት። ልል ብርድ ልብስ ፊቷ ላይ ሊወጣ ይችላል። እስከዚያው በዓይናቸው ሥር መሬት ላይ አንጥፈው ያጫውቷታል፤ ለበዓል ደግሞ ያወጡታል።

አጠባበቁንም ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፦ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በልስልስ ሳሙና፣ በእጅ፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይውጣ፤ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። በረኪና ጨርሶ አይነካውም፤ ነጠላ ለማንጣት የለመድነው በረኪና ክሩን ያሳሳል፣ ጥበቡንም ያደበዝዛል። ሲያስቀምጡት በላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በየጊዜውም አውጥተው እጥፋቱን ይቀይሩት፤ ሸማ ቀድሞ የሚሰነጠቀው በቆየ እጥፋት ላይ ነው።