ታቦርን በክረምት፣ ብቻዬን

ሐዋሳ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛው በጋን ይመርጣል። ፀሐይ አለ፣ ጭቃ የለም፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ እንደልብ ይኬዳል። የከተማውን ተራራ ታቦርን መውጣት ለሚፈልግ ሰው ግን ምክሬ ሌላ ነው፦ በክረምት ውጡ። በጋ ላይ ከተራራው አናት ሆናችሁ ስታዩ አቧራውና ጭጋጉ ሐይቁን ከሰማዩ ጋር ያደባልቀዋል፣ ማዶ ያሉት ተራሮች መኖራቸውም ያጠራጥራል። ክረምት ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ካባራ አየሩ ታጥቦ ያድራል። ማዶው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት ገጠመኝና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ ግርጌው ደረስኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ከሰው ጋር ስወጣ ወሬው ይበዛል፣ አንዱ ይደክመዋል፣ ሌላው ፎቶ ላንሳ ይላል። ቋጥኝ ላይ ደግሞ ልብ የሚያስፈልገው ለድንጋዩ ነው። ግርጌው ላይ ሣር የሚያጭዱ እናት አየሁና ሰላምታ ሰጥቼ አልፌ ልሄድ ስል «የኔ ልጅ፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ወደ ላይ ደርሼ እመለሳለሁ» አልኳቸው። «ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ቀስ በይ። እኔ እዚሁ ነኝ።» ብቻውን ለሚወጣ ሰው፣ በተለይ ለሴት፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መውጣቴን የሚያውቅ አንድ ሰው ታች አለ ማለት ነው።

ሰው የለመደውን መንገድ ይዤ ትንሽ እንደሄድኩ ቋጥኝ ወደሚበዛበት ጎን ታጠፍኩ። ታቦር ረጅም ተራራ አይደለም፣ በተለመደው መንገድ ሕፃናትም ይወጡታል። ቋጥኝ እየቧጠጡ ሲወጡት ግን ሌላ ተራራ ይሆናል። የዝናቡ ውሃ በስንጥቁ ውስጥ ገና ይንቆረቆራል፤ ጥላ ያለበት ድንጋይ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ፀሐይ ያገኘው ቶሎ ደርቆ ይነጣል። እኔ የምረግጠው የነጣውን ነው። እጄን ከማሳረፌ በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ በመዳፌ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ከተነቃነቀ እተወዋለሁ። ሣር ይዞ መንጠልጠል የሚባል ነገር በክረምት አይታሰብም፣ አፈሩ ረጥቦ ሥሩን ይለቀዋል። አንድ ቦታ ላይ ድንጋዩ ከደረቴ ከፍ ብሎ ዘጋኝ። ቦርሳዬን አውልቄ ቀድሜ ላይ አስቀመጥኩና በክንዴ ተደግፌ ጉልበቴን አወጣሁ። አፍንጫዬ ሥር አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ንቅንቅም አላለች።

አናቱ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት መቀመጥ ነው። በምዕራብ በኩል ሐይቁ ሙሉውን ተዘርግቷል፣ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን ውሃ። ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ያለ ሐይቅ ነውና ጠዋት ላይ ነፋሱ ብርድ አለው፣ ጃኬት ያዙ። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል እየተመለሱ ነበር። በሌላው በኩል ከተማው፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ ገና እርጥብ ነው። በደቡብ የአላሙራ ተራራ ቆሟል። ዙሪያውን ያሉትን ከፍታዎች ልብ ብሎ ለተከተላቸው ሰው ነገሩ ይገለጥለታል፦ ከተማውም ሐይቁም ያሉት በጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ኮርቤቲ ዛሬም ጨርሶ ያልተኛ እሳተ ገሞራ ነው።

እዚያ ተቀምጬ በሶዬን እየጠጣሁ አንድ ነገር አሳዘነኝ። የጎርፉ ውሃ በሚገባበት ዳር ሐይቁ ሰማያዊ አልነበረም፣ ቡናማ ነበር። ይህን ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው «ክረምት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከላይ ሲታይ ግን ቀለሙ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሃል ሲዘረጋ በግልጽ ይታያል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ጎርፉ ይገባበታል፣ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል፣ የሚወጣ ግን የለም። የገባው አፈርና ቆሻሻ እዚያው ነው የሚቀረው። በምሥራቅ በኩል ጨለለቃ አለ፣ እሱም አንድ ጊዜ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግና ሣር ነው። ሁለቱን ከአንድ ቦታ ሆኖ ማሰብ ያስፈራል። ዳገቱን የሚያርሰውም፣ ከተማውን የሚያስተዳድረውም፣ ሐይቁ ዳር ሕንፃ የሚሠራውም አንድ ጠዋት እዚህ ቢወጣ እመኛለሁ፣ ከምሬ ነው።

መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል። በቋጥኙ አልተመለስኩም፤ በሰው መንገድ ነው የወረድኩት፣ እሱም ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። እማማ እዚያው ነበሩ። «መጣሽ?» ብለው ሣራቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ከዚያ በቀጥታ አሞራ ገደል። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በፍጥነት እየከፈሉ ቅርፊቱን ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን አቀርቅረው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ በዳጣ አዘዝኩ። ከተራራ ለወረደ ሰው ከዚህ የሚሻል ቁርስ አላውቅም። ደመናው ከአላሙራ በኩል መጥቆር የጀመረው ወደ 7 ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ የምትወጡ ሰዎች ከ5 ሰዓት በፊት ወርዳችሁ ብትጨርሱ ጥሩ ነው፤ ቋጥኝ ላይ ዝናብ ከያዛችሁ ባላችሁበት ተጠልሎ መጠበቅ እንጂ መቸኮል አያዋጣም።

አላሙራን ደግሞ መስከረም ሳይጠባ እወጣዋለሁ። እዚያ ግን ደን ስለሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይዤ ነው የምሄደው።