የሌሎችን ሥራ ስሠራ ያመሸሁበት ዘመን

በአንድ የግል ድርጅት ሰባት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ቆይቼ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ስመደብ፣ ለዕድገት ያበቃኝ ሒሳብ ቶሎና ሳይዛነፍ መዝጋቴ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያም የሚጠበቅብኝ ይኸው ብቻ መስሎኝ ነበር። በሥሬ ስምንት ሠራተኞች ነበሩ፤ እኔ ግን ከወንበሬ በቀር የቀየርኩት ነገር አልነበረም።

ስህተቴ የጀመረው በመጀመሪያው ሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በዚያ ወር ሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚያርፍ ሰው የለም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ሠርታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ፤ በእኛ መዝገብና በባንኩ መግለጫ መካከል የ450 ብር ልዩነት ነበር። ልዩነቱ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ሲካፈል ብዙውን ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደተጻፉ ስለሚጠቁም፣ የክፍያ ቫውቸሮቹን አገላብጬ 5,940 ብር ተብሎ መመዝገብ የነበረበት ቼክ 5,490 ተብሎ መግባቱን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረስኩበት። አስተካክዬ ፈረምኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለእርሷ ምንም አልነገርኳትም። እንዳላሳፍራት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እውነቱ ግን ከማስረዳት ራሴ መሥራቱ ስለሚቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ልዩነት ይዛ መጣች፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። «ሳትፈልጊው ለምን አመጣሽው?» ብዬ ስቆጣ፣ «እርስዎ ያገኙታል ብዬ ነው» አለችኝ። በአነጋገሯ ድፍረት አልነበረም፤ ያስለመድኳትን ነው የነገረችኝ። ለሒሳብ ባለሙያ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር አለ። ሰነድ የሚያዘጋጅና የሚያጸድቅ ሰው የሚለያየው አንዱ የሌላውን ስህተት እንዲይዝ ነው፤ እኔ ግን አዘጋጅም አጽዳቂም ሆኜ እያመሸሁ፣ የእኔን ስህተት የሚይዝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተዛነፈ ሥራ ሲመጣልኝ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሠራተኛውን አጠገቤ አስቀምጥ ጀመር። ልዩነቱ ስንት ነው? እስከ የትኛው ቀን ድረስ ይታረቃል? ዋናውን ሰነድ አይተኸዋል? ከጥያቄ በቀር እጄን አላስገባም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አድካሚ ነበሩ፤ መልሱ ፊቴ ላይ ተቀምጦ እያየሁት ዝም ማለት ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ነገር ነው። ዛሬ የዘጠኙን ዘዴ ለአዲስ ገቢዎች የምታሳየው ያችው ልጅ ናት።

ሁለተኛው ትምህርቴ ስለ ማርፈድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡ ወዲያው ማሰናበት ይፈቅዳል። እኔም ይህን አንቀጽ በሚገባ አውቀው ስለነበር አንድ ገንዘብ ያዥ ያረፈደባቸውን ቀኖች እየቆጠርኩ ስድስት አድርሼ ነበር። ለምን እንደሚያረፍድ የጠየቅኩት ስድስተኛውን ደብዳቤ ሳስፈርመው ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶም የማይደርስባቸው ቀኖች እንዳሉ ነገረኝ። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ መግቢያውን ከ2 ሰዓት ወደ 3፣ መውጫውን ከ11 ወደ 12 ሰዓት አዛወርንለት። ስምንቱ የሥራ ሰዓት አልተነካም፤ ሥራውም አልተበደለም። ያን ጥያቄ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በፊት አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ሥራ ያስተማሩኝን ሰው መምራት ነበር። ጋሼ የምላቸው አንጋፋ ባልደረባዬ እስከ ዓርብ ድረስ «አንቺ» ሲሉኝ ቆይተው፣ የሹመት ደብዳቤዬ ከደረሰኝ በኋላ ሰኞ ጠዋት «እርስዎ» ብለው ሰላም አሉኝ። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይቼ ያለ ቼክ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለውን የጥቃቅን ወጪ ጣሪያ ዝቅ የሚያደርግ መመሪያ አወጣሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተላላኪው ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ ሳይቀር ቼክ እስኪፈረም የሚጠብቅ ሆነ። ጋሼ ይህ እንደሚመጣ ያውቁ እንደነበር የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ወደ ቢሮዬ ሳልጠራቸው እርሳቸው ጠረጴዛ ዘንድ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ድሮ ስሳሳት ይነግሩኝ ነበር» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ያኔ አንቺ ነበርሽ» አሉኝ። መመሪያውን በዚያው ሳምንት ሻርኩት፤ በስብሰባ ላይም የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ።

አሁንም በሰው ፊት «እርስዎ» ይሉኛል። አልፎ አልፎ ግን ቢሮዬ ገብተው በሩን ከኋላቸው ገጠም ካደረጉ በኋላ «ስሚኝማ» ብለው ይጀምራሉ፤ እኔም የያዝኩትን ሁሉ አስቀምጬ ወንበር እስብላቸዋለሁ።