የሞተር ሳይክልና የመኪና ፍሬን፦ ጎንደር ላይ ለክቼ ያየሁት

ሞተር ሳይክል ቀላል ስለሆነ ከመኪና ቀድሞ ይቆማል የሚለውን ወሬ ያልሰማ ሞተረኛ ጎንደር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አብሮት የሚነገር ሌላ ምክርም አለ፤ «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይወረውርሃል» ይባላል። ሁለቱን አንድ ላይ አምኖ የሚነዳ ሰው ፒያሳ ላይ ሚኒባስ ድንገት ከፊቱ ሲቆም ምን እንደሚጠብቀው ማንም አስቀድሞ ስለማይነግረው፣ እኔ በሜትር ለክቼ የደረስኩበትን እጽፋለሁ።

ልኬቱ ራሱ ቀላል ነበር። እሑድ ማለዳ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ፣ ተሽከርካሪ በማይበዛበት ደልዳላ አስፋልት ላይ በኖራ መስመር አሰመርን፤ ታላቅ ወንድሜ አሮጌ ኮሮላውን፣ እኔ ባለ 150 ሲሲ ሞተሬን ይዘን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየደረስን መስመሩ ላይ ፍሬን ያዝን። ፍጥነቱን የምናየው በስልክ ጂፒኤስ ነበር፤ የሞተሬ ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት አስበልጦ የሚያሳይ ስለሆነ በእርሱ መለካት ራስን ማታለል ነው።

ያበሳጨኝ ከልኬቱ በፊት የደረሰብኝ ነገር ነው። የዚያን ሰሞን ቦሎ ለማደስ ሞተሬን ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ወስጄ ነበር። የፊት ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ ነው፤ ሸራውን አስቀይሬ፣ ዳዶውን አጥብቄ፣ መጨበጫው ገና በሁለት ጣት ሳብ ሲደረግ ጎማውን ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ አስተካክዬ ነው የሄድኩት። መርማሪው፣ ዕድሜው ከእኔ የሚያንስ ትሑት ሰው፣ ሞተሩን ወደፊት እየገፋ የፊቱን ፍሬን ጨበጠው። ጎማው ወዲያው ቆመ፤ የኋላው ከመሬት ለቀቅ ሊል ምንም አልቀረውም። እኔ ምስጋና ስጠብቅ እርሱ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይህ ፍሬን ይገለብጥዎታል። አላልተው ይመለሱ» አለኝ።

የኋላው ብቻውን ይበቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሞተር ቀላል ስለሆነ ይበቃዋል አለ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት እንደሚጫን፣ በዚያች ቅጽበት አስፋልቱን አጥብቆ የሚጨብጠው የፊት ጎማ እንደሆነ፣ የኋላው ግን እየቀለለ ሄዶ እንደሚንሸራተት ባስረዳውም አልተቀበለኝም፤ «መመሪያው ነው» ሲል ደመደመ። መመሪያውን እንዲያሳየኝ ስለምነው በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የአገልግሎት ክፍያ ዝርዝር ነበር። ከኋላዬ የተሰለፈ የአይሱዙ ሾፌር ጡሩንባውን ይነፋል። ቁልፍ አውጥቼ መጨበጫው እጀታውን እስኪነካ ድረስ ዳዶውን አላላሁት። መርማሪው እንደገና ሞክሮ ምንም እንደማይዝ ካረጋገጠ በኋላ «አሁን ጥሩ ነው» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ፍሬኑ ደህና ነው የሚለው ወረቀት የተሰጠኝ ፍሬኑ በተበላሸበት ደቂቃ ነው።

በሩን እንደወጣሁ ቆሜ መልሼ አጠበቅሁት። አሁንም ድረስ የሚያንገበግበኝ ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም። ክርክራችንን ይሰማ የነበረ አንድ ወጣት ሞተረኛ ተራው ሳይደርስ በገዛ እጁ የፊት ፍሬኑን አላልቶ ጠበቀ፤ አለፈ፤ ከዚያም እንደላላ ቁልቁል ወደ ከተማው ነዳ። ጠርቼው ነበር፤ የራስ ቁሩ ውስጥ ሙዚቃ ሳያዳምጥ አይቀርም፣ አልሰማኝም።

ወደ ውጤቱ ልመለስ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኮሮላው ከመስመሩ አንሥቶ 9 ሜትር ከምናምን ላይ ይቆማል። ሞተሬ በሁለቱም ፍሬን 12 ሜትር አካባቢ፣ በኋላ ፍሬን ብቻ ግን 18 ሜትር ገደማ ሄደ። በመርማሪው ፍሬን የሚነዳ ሰው እንግዲህ ከመኪናው እጥፍ ርቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ የፍሬኑ ርቀት ብቻ ነው፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ደንገጥ ያለ ሰው ፍሬን ሳይነካ 11 ሜትር ይሄዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ቅለት የማይጠቅመው ለምንድን ነው? ክብደት ሲጨምር ሊገታ የሚገባው ኃይል ይጨምራል፤ ነገር ግን ጎማው አስፋልቱን የሚጨብጥበት ኃይልም በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። መኪናው የሚበልጠን በሌላ ነገር ነው። ሾፌሩ ደንግጦ ፔዳሉን ሙሉ ኃይሉን ሰጥቶ ቢረግጠው ጎማዎቹ ተንሸራትተውም መኪናው በአራት እግሩ ይቆማል። ሞተረኛ የፊት ጎማውን ካስቆለፈ ይወድቃል፤ ስለዚህ በፍርሃት ካለው አቅም አሳንሶ ይይዛል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ በመርሴዲስ መኪና ላይ የወጣው በ1978፣ በቢኤምደብሊው ሞተር ላይ ደግሞ በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ አስገዳጅ አድርጎታል። የእኔ ሞተር የለውም፤ አብዛኞቻችሁ የምትነዱትም የለውም።

ስለዚህ ኤቢኤሱ ጣታችሁ ነው። የፊቱን በድንገት አትጭበጡት፤ መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ክብደቱ ወደፊት ሲጫን ከታወቃችሁ በኋላ እያጠበቃችሁ ሂዱ፣ የኋላውንም በልኩ ጨምሩበት። ይህንን ባዶ ቦታ ላይ እጅ እስኪለምደው ድረስ ያልተለማመደ ሰው መንጃ ፈቃድ ቢኖረውም አልሠለጠነም እላለሁ። የፊቱን የማልነካው ሞተሩ ባዘነበለበት መታጠፊያ ላይ፣ ጠጠር ላይና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ነው፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ቀድሞ መዝገም እንጂ ፍሬን አይደለም።

ቁልቁለት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ከጎሃ ተራራ ሲወረድ አሥር በመቶ በሚያዘቀዝቅ ቦታ ላይ ያ 12 ሜትር ወደ 15 ይጠጋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ ነፃ አድርገው የሚወርዱ ወዳጆቼ ማርሽ ውስጥ ሲሆን ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን የሚይዝበትን ኃይል በጥቂት ሳንቲም እየሸጡት ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አቧራውና ዘይቱ ተለውሶ አስፋልቱን አንሸራታች ስለሚያደርገው፣ መንገዱ እስኪታጠብ ድረስ ሻይ ቤት መቀመጥ ይሻላል።

ከመኪና ኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል ርቀት ጠብቁ የሚለው ትምህርት ለሞተር አይበቃም፤ እኔ ሦስት እጠብቃለሁ፣ ከታክሲ ኋላ ደግሞ የፍሬን መብራቱ መሥራቱን ሳላይ አልጠጋም። ለምርመራ ስትሄዱም ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማኅተሙን ተቀብላችሁ በሩ ላይ አጥብቁት።

ሰው አፈናጥጬ መለካት ገና ይቀረኛል። ከኋላ ክብደት ሲኖር የኋላው ፍሬን የተሻለ እንደሚሠራ፣ ሚዛኑም እንደሚለወጥ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን ግን በራሴ ሞተር ማየት እፈልጋለሁ። ወንድሜን እንዲፈናጠጥ ብጠይቀው የኮሮላውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠና «ይኼውልህ፣ የፈለግኸውን ያህል በእርሱ ለካ» አለኝ።