ደብዳቤውን ይዤ እስጢፋኖስ ገባሁ

ሰኔ 30 ለንብረት ክፍል ሠራተኛ የፍርድ ቀን ነው። የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ኮሚቴ መጥቶ ቆጠራ ይጀምራል። ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) የሚለውና መደርደሪያው ላይ ያለው ካልገጠመ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

አንድ ዓመት ቶነር (የፕሪንተር ቀለም) ጎደለ። ወጪ የሆነው ለኃላፊያችን ቢሮ ነበር፤ ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ወጪ ቅጽ ተሠርቶ፣ ተፈርሞበት። እኔ ፋይል ውስጥ መኖር የነበረበት ቅጂ ግን የለም። ኃላፊው ደግሞ «እኔ ምንም አልወሰድኩም» አለ።

ቢሮው ጠርቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ኮሪደር ላይ ቆሞ «ሌባ!» ብሎ ጮኸብኝ። በሮች ተከፈቱ። ፅዳቶቹ መወልወያቸውን ይዘው ቀሩ። ባለጉዳይ ሳይቀር ሰማ። ምሳ አብረውኝ የሚበሉት ልጆች አቀርቅረው አለፉ። ከስድቡ ይልቅ እሱ አንገበገበኝ።

ከሰዓት የመዝገብ ቤቱ ጋሼ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አመጡልኝ። መዝገባቸው ላይ ስፈርም እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩ። ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ በንዴት መልስ እንዳትጽፊ» አሉኝ። «የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስም ከጠላቱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ወስዶ እግዚአብሔር ፊት ዘረጋው።»

ከሥራ ስወጣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ገባሁ። ጥላ ሥር ተቀምጬ ደብዳቤውን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ ግልባጭ። ጸሎት አልመጣልኝም። «ይኸው፣ አንተው አንብበው» ብቻ አልኩ። ከዚያ እንባዬ ወረደ።

ማታ ሁለተኛ ነገሥትን ምዕራፍ 18 እና 19 ገለጥኩ። ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት ግድም የሆነ ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን ከተሞች ይዟል። መልእክተኛው ራፋስቂስ የኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ ይሳደባል። የሕዝቅያስ ሹማምንት ሕዝቡ እንዳይሰማ በሶርያ ቋንቋ ተናገረን ብለው ለመኑት። እሱ ጭራሽ በአይሁድ ቋንቋ ጮኸ። ዓላማው ሕዝብ ፊት ማዋረድ ነበራ! ኮሪደራችን ትዝ አለኝ።

የሕዝቅያስ ትእዛዝ ደግሞ «አትመልሱለት» ነበር። ይህ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ወደ ነቢዩ ኢሳይያስ ሰው ልኳል፤ ውኃውንም በቦይ ወደ ከተማዋ አስገብቷል። ያ ከዐለት የተፈለፈለ መተላለፊያ 530 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ዛሬም ኢየሩሳሌም ውስጥ ሰው ያልፍበታል።

ስለዚህ እኔም ቦዬን ቆፈርኩ። ቅሬታዬን ስድብ ሳልቀላቅል ለሰው ሀብት ጻፍኩ። የሂሳብ ክፍል ቅጂ እንዲፈለግም ጠየቅኩ።

እናቴ በዚህ አልተስማማችም። «108ኛውን መዝሙር ድገሚበት!» አለች። እኛ አገር እግዚአብሔር ይፍረድበት ብሎ በዳይ ላይ ዳዊት መድገም የቆየ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያ ውስጥ ያለችው «ሹመቱን ሌላ ይውሰድ» የምትለው ለአለቃ ተብላ የተጻፈች ነው የምትመስለው፤ ፈትናኛለች። ግን እስጢፋኖስ የገባሁት ለመሸሸግ ነው። ኃላፊውን በልቤ ይዤው ብገባ ምኑን ተሸሸግኩት? እዚያም ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ልውል ነው።

ቅጂው ሂሳብ ክፍል ውስጥ፣ የሌላ ወር ፋይል መሀል ተገኘ። የኃላፊው ፊርማ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማስጠንቀቂያው ተሰረዘልኝ። ይቅርታ አልተጠየቅኩም። ኃላፊው ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «ተገኘ አሉ» ብሎኝ አለፈ።

ብዙም ሳይቆይ ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለእናቴ ስነግራት ቡና እየቀዳች ነበር።

«ታዲያ እኔ ዝም ያልኩ መስሎሻል?» አለችኝ።