ውዱ ጫማ ለማን ይሰጥ?

ባሕር ዳር ላይ የስኬት፣ ከሥሩ ጎማ ያለው የመንሸራተቻ ጫማ፣ ገበያ የሚደራው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዝናቡ አቁሞ አስፋልቱ ሲደርቅ ልጆች ወደ ጣና ዳር መውረድ ይጀምራሉ። የምሠራበት የስፖርት ዕቃ ሱቅ ኳስና ማሊያ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ስኬት ግን የበጋ ሥራ ነው። እኔ ከመሸጡ ጎን ጥገናውንም ይዣለሁ። ጎማ እቀይራለሁ፣ ኩሽኔታ አጥባለሁ፣ የላላ ቡሎን አጠብቃለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ የሰፈራችን ሰው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ በባጃጅ ጭነው መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማንም ሳይከፍላቸው የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ስፖርት የሚያሠሩ ሰው ናቸው። ካናዳ ያለች እህታቸው ያገለገለ የሮለር ሆኪ ዕቃ ከሰው ሰብስባ ልካላቸዋለች። «ለየልጁ የሚሆነውን ለዪልኝ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

ሮለር ሆኪን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ገና የተጫወተ ሁሉ ቆልማማ ዱላና ሩር ያውቃል። እዚህ እግር ስር ጎማ ይጨመርበታል። ከየቡድኑ አራት ተጫዋችና አንድ ግብ ጠባቂ ይገባሉ። ሁለት ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ባለው ጫማ የሚጫወቱትም ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ለትዕይንት የቀረበው እሱ ነው። በእኛ ሻንጣ የመጣው ግን አራቱም ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበት ነው።

ሻንጣው ሲከፈት ሱቁን የቆየ የላብ ሽታ ሞላው። ልጆቹ ጋሼን ተከትለው መጥተው በሩን ዘግተውታል። ከዕቃው ሁሉ መሃል አንድ ጥንድ ጫማ ዓይናቸውን ያዘው። ጥቁር ነው። ጎኑ ላይ የካርቦን ሽመናው ይታያል። ሲያነሱት ይቀላል፤ በጣት ሲያንኳኩት እንደ ደረቅ ቅል ይጮኻል። የፊት ሁለቱ ጎማዎች 72 ሚሊ ሜትር፣ የኋላ ሁለቱ 80 ናቸው። ጎማው ላይ 74ኤ፣ ጫማው ላይ ደግሞ 6 የሚል ቁጥር ተጽፏል።

ጋሼ አነሱትና «ይኼ ለወንድሜ ልጅ ነው» አሉ። እህታቸው ከሁሉ ውዱ እሱ መሆኑን በስልክ ነግራቸዋለች። ልጁ ስኬት ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ጉልበቱን ሳያጥፍ ቀጥ ብሎ ነው የሚነዳው። የሚቆመውም ግንብ ወይም ዘንባባ ይዞ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ለጀማሪ አይሆንም» አልኳቸው። «እግሩም ገና 37 ነው።»

«ያድግበታላ! ወፍራም ካልሲ ያደርግበታል።»

ይህቺን «ያድግበታል» ከእናትም ከአባትም ሁልጊዜ እሰማታለሁ። አልፈርድባቸውም። የልጅ እግር ዝም ብሎ ያድጋል፣ ብር ግን አያድግም። የትምህርት ቤት ጫማ ሲሆን ያስኬዳል። የስኬት ጫማ ላይ ግን ተረከዝ ከቦታው ከተነሳ ልጁ ጫማውን አያዝዘውም፤ ጫማው ነው የሚያዝዘው። ደግሞ የሆኪ ጫማ ቁጥር ከተራ ጫማ ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። በአሜሪካኑ ልኬት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ያንሳል። 6 የተጻፈበት የሆኪ ጫማ 40 ገደማ ለሚያደርግ ሰው ነው። ለሚያድግ ልጅ ግማሽ ቁጥር መተው ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ለልጁ አልገዛንለትም።

የጫማው ጥንካሬ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ድርቅ ያለ ጫማ ልምድ ላለው ሰው ነው የተሠራው። ኃይሉን ሳያባክን ወደ ጎማው ያወርድለታል። ነገር ግን ወደፊት ለማጠፍ ክብደትና የጉልበት ብርታት ይፈልጋል። ያልለመደ ልጅ ሊያጥፈው ስለማይችል ወደ ኋላ ይንጋደዳል፤ ወደ ኋላ የተንጋደደ ደግሞ በጭንቅላቱ ነው የሚወድቀው። የሆኪ ጫማ እንደ ተራው ስኬት ከተረከዙ ላይ ፍሬን የለውም። ማቆሚያው ራሱ እግር ነው።

ጎማውስ? 74ኤ የሚለው የጎማውን ጥንካሬ ነው የሚናገረው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ይለሰልሳል። ለስላሳው የአዳራሽ ወለል ላይ ጥሩ ይይዛል። የእኛ አስፋልት ግን ይበላዋል። ለውጭ 80 ገደማና ከዚያ በላይ ነው የሚያዋጣው።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሼ በደንብ ሰሙኝ። ከዚያም ጥቁሩን ጫማ ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት። ዕቃው የሳቸው ነው፤ ምን ይባላል።

ገና ሊደርስ ሲል ልጁን ይዘው ተመለሱ። ልጁ ያነክሳል። ጋሼ ፊታቸው ጠቁሯል። «የተበላሸ ዕቃ ነው የላከችልን» አሉና ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጎማዎቹን በእጄ አዞርኳቸው። ጠርዛቸው ተቆርሷል። አንዳንዱ ቦታ ጥርስ የነከሰው ይመስላል። የውስጥ ጎናቸው ከውጭው ይልቅ አልቋል። ልጁ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እየገባ እንደሚነዳ ከዚያ ይታወቃል። ኩሽኔታው ውስጥ የሐይቅ ዳር አሸዋ ገብቶ ሲዞር ይንቋቋል።

«እስቲ ካልሲህን አውልቅ» አልኩት። ሁለት ደርቦ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ ቆዳው ተልጦ ካልሲው ተጣብቆበታል። ጫማው እንዳይወልቅ ማሰሪያውን ከልኩ በላይ ስቦ ስለሚያስረው የእግሩ ጀርባም ላይ የገመዱ መስመር ቀርቷል። ለጋሼ ሳይናገር ነው የከረመው። ውዱን ጫማ ተሰጥቶት አመመኝ ማለት ከብዶታል።

መከራከር አልፈለግኩም። እግሩን በባዶው ጫማው ውስጥ አስገባ አልኩት። ጣቶቹን ወደፊት አስጠጋ። «ጋሼ፣ ጣትዎን ከተረከዙ ኋላ ይክተቱ።» ከተቱ። ጣታቸው ገብቶ ቦታ ተረፈው። እንደገና ከተቱና ልጁን አዩት። ብዙ ዝም አሉ። «በቃ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ደልድዪልን» አሉኝ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዕቃ ከማውጣቴ በፊት ልጆቹን ነው የማየው። በነጋታው ጣና ዳር ባለው ደልዳላ መንገድ ላይ ባላቸው አሮጌ ስኬት አስነዳኋቸው። የማየው ጉልበት ያጥፋል ወይ? ምንም ሳይይዝ ይቆማል ወይ? ወደ ኋላ ይነዳል ወይ? የሚለውን ነው። ስንት ዓመት ነዳህ ብዬ አልጠይቅም። ብዙ ዓመት ነድቶ መቆም የማይችል አለ።

አንዲት ረዥም ልጅ ነበረች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ያደረገችው ስኬት ጎማው አልቆ ጥፍር አክሏል። እሷ ግን በፍጥነት መጥታ ሁለቱንም እግር ወደ ጎን አዙራ ቀጥ ትላለች። ወደ ኋላም እግር እያቋረጠች ትነዳለች። ጫማዋን ጠየቅኳት። 40።

ጥቁሩን አስለበስኳት። ቀጥ ብላ ስትቆም ጣቶቿ የጫማውን ጫፍ ነኩ። ጉልበቷን ስታጥፍ ወደ ኋላ ሸሹ፣ ተረከዟም ከቦታው አልተነሳም። የሆኪ ጫማ ልክ ማለት ይኼ ነው። በቀጭን ካልሲ፣ ከተቻለም እግር ሲደክም ማታ ማታ መለካት ጥሩ ነው፤ እግር ውሎ ሲገባ ያብጣል። ጋሼ ግን አመነቱ። ለዘመድ የመጣ ዕቃ ለጎረቤት ልጅ ሊሄድ ነው። ከልጆቹ አንዱ ቀስ ብሎ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ። ጋሼ ሳቁ። «ውሰጂው በቃ» አሏት።

ጎማውን ግን አስቀየርኩት። ሱቃችን ውስጥ የነበረውን 82ኤ ገጠምንለት። ኩሽኔታውን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ አደረግሁበት። በውኃ ማጠብ ያዝገዋል። ስለ ኩሽኔታ አንድ ነገር ልበል፤ ልጆች «አቤክ 9 አለ?» እያሉ ይመጣሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ሲሠራ የነበረውን የልኬት ጥራት ነው። ንጹሕ አቤክ 5 ከአሸዋማ አቤክ 9 ይሻላል። መጠኑ 608 የሚባለው ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ትንንሽ ማሽን ውስጥም ስለሚገባ የማሽን ዕቃ የሚሸጡትን መጠየቅ ነው።

ለወንድማቸው ልጅ 4 የተጻፈበት ጥንድ ከሻንጣው ግርጌ አወጣሁለት። ፕላስቲክ ነው፣ ማንም ያላየው። ውስጡ ወፈር ያለ ስፖንጅ አለው። ቁርጭምጭሚትን ይደግፋል፣ ግን ጉልበት ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ልጁ መጀመሪያ ቅር አለው። ቁስሉ ሲድን ነዳበትና ዘንባባ መያዝ ተወ።

በጣም የምከራከርበት ግን የመከላከያ ዕቃው ነው። ጋሼ ጫማው ለጎበዝ ከሄደ ሌላውም ለጎበዝ ይሂድ ብለው ነበር። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ብዙ የሚወድቀው ጀማሪው ነው። ምርጡ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ምርጡ ጓንት ለእሱ ነው። ሄልሜት ደግሞ ለሁሉም። ከመጡት አንዱን ስፖንጁን ገልጬ ሳየው ከውስጥ ተሰንጥቋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ጋሼ «ከምንም ይሻላል» ቢሉም አልሰጠሁም፤ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ሁለት ቦታ ሰብሬ ጣልኩት። ሄልሜት ላይ ይሉኝታ አላውቅም። አሜሪካ የተረጋገጠ የሆኪ ሄልሜት የማረጋገጫው ጊዜ ከተመረተ ከ6 ዓመት ተኩል በኋላ ያበቃል፤ ተለጣፊውን ማንበብ ነው።

ዱላዎቹ አልተመቹንም። አብዛኛው ላይ 85 የሚል የመተጣጠፍ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲበዛ ዱላው ይደርቃል። እንደ መነሻ የሰውዬው ክብደት በፓውንድ ተቆጥሮ ግማሹ ይወሰዳል። በኪሎ ካሰብነው ከራሱ ክብደት ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። 45 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 50 ገደማ ይበቃዋል። 85ቱን ቢይዝ ምሰሶ እንደማጠፍ ነው። ቆርጠን እናሳጥረው ያሉም ነበሩ። ሲያጥር ይባስ ይደርቃል። ቁመቱ ስኬት ተደርጎ አገጭ አካባቢ ሲደርስ ጥሩ ነው። ትንንሾቹ ለጊዜው ስኬት ሳያደርጉ በየቤታቸው ባለው የገና ዱላ ኳስ መግፋት እየተለማመዱ ነው። ዝርግ የበረዶ ሆኪ ዲስክም ሻንጣው ውስጥ ነበር፤ አስፋልት ላይ ስለማይንሸራተት በኳስ ነው የሚጫወቱት።

ጋሼ ለእህታቸው ሁለተኛ ደብዳቤ ሲጽፉ ሱቃችን ነበሩ። የእያንዳንዱን ልጅ እግር ወረቀት ላይ አስቁመው በእርሳስ አስዞሩ። በሴንቲ ሜትር ለካሁላቸው። ከጎኑ ቁመትና ክብደት፣ ከዚያ ሥር ደግሞ በገዛ እጃቸው «ገና መቆም እየለመደ ነው»፣ «ወደ ኋላ ትነዳለች» እያሉ ጻፉ። መጨረሻ ላይ የግብ ጠባቂ የእግር መከላከያ ጠየቁ፤ የመጣው ሻንጣ ውስጥ አልነበረም። ጎማ ከላክሽም ከ80 በታች እንዳይሆን ብለው አሰመሩበት።